የውሸት ማዕድ በአንዶንግ

ጆምሱን ከዴጉ ስትነሳ አንዲት አጭር ነገር ምላሷ ላይ ይዛ ነበር፤ አንዶንግ ስትደርስም ነገሯ እዚያው ምላሷ ላይ ነበረች። «የቦምሱክ አባት፣ የአያቶቹን ማዕድ እንተወው።» በቃ፣ ይቺው ናት። ሕፃን ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይላታል። እሷ ግን ከጣቢያው ጀምሮ ስታላምጣት መጥታ አልተፋቻትም፣ አልዋጠቻትም።

ባሏም ፋታ አልሰጣት። ዶክማን ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተሳፋሪ ሲሆን መከራ ነው።

«ይሄ ልጅ ፍሬን ላይ ተኝቶ ነው እንዴ የሚነዳው?» ይላል። «እይው፣ እይው። አሁን ማርሽ መቀየር አልነበረበትም?»

«የቦምሱክ አባት፣ አንድ ነገር...»

«ቆይ፣ ኩርባውን ይውጣ።»

ኩርባውን ወጣ። ሌላ ኩርባ መጣ። ጆምሱን ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ጎኗ፣ ከጎኗ ወደ ጭኗ ስታመላልስ መንገዱ አለቀ።

ለማያውቃት ሰው ጆምሱን ማን እንደሆነች ልንገር። የፖም አገር ልጅ ናት። ዴጉ የመጣችው በልጅነቷ የካልሲ ፋብሪካ ልትሠራ ነው፤ እዚያው ሳለች ለዶክማን ዳሯት። ዶክማን ደግሞ የበኩር ልጅ ነው። በኛ አገር የበኩር ልጅ ማግባት አንድ ሰው ማግባት እንዳይመስላችሁ፤ መቃብር ሙሉ ሰው ማግባት ነው። የባሏ አባት፣ የአባቱ አባት፣ የዚያም አባት፣ ሚስቶቻቸውም ጭምር፣ እያንዳንዳቸው የሞቱበት ቀን በመጣ ቁጥር ማዕድ ይቀርብላቸዋል። በዚያ ላይ የአዲስ ዓመቱ አለ፣ የመከሩ በዓል አለ። ዓሣው፣ ዱባው፣ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ በዱቄትና በእንቁላል እየተለወሰ ይጠበሳል፤ የተራራው ቅጠልና ሥር ይቀቀላል፤ ሥጋው በሹል እንጨት ይሰካል። ይሄን ሁሉ የምታደርገው የበኩር ልጅ ሚስት ናት።

ስትሠራ ደግሞ መቅመስ አይፈቀድላትም። ሙታን ሳይቀምሱ ሕያው አይቀምስም። አማቷ በሕይወት ሳሉ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው አፏን ይጠብቁ ነበር። «ጨዉን በዓይንሽ ለኪው፣ በአፍንጫሽ ለኪው። ምላስሽን ግን ሰብስቢ» ይሏታል። አማቷ ከሞቱ በኋላም አልቀመሰችም። ለእሳቸውም ማዕድ አቀረበች።

ማዕዱ ሲደረደር የዶክማን ተራ ይደርሳል። ነጭ ካባውን ለብሶ ይሰግዳል፤ የነሐሱን ጎድጓዳ ሳህን ክዳን ያነሳል፤ ከዚያ ማንኪያውን ሩዙ መሐል ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ማንኪያ ሩዝ ላይ ቆመ ማለት ሙታን እየበሉ ነው ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ጠቅላላ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ለዚህም ነው በሕያው ሰው ገበታ ማንኪያ የማይቆመው። አንድ ጊዜ ልጃቸው ቦምሱክ፣ ገና ክፉና ደጉን ሳይለይ፣ የቁርስ ሩዙ ላይ ማንኪያ ቢተክል አያቱ እጁን በጥፊ መቱት፣ ሩዙን ደፉት፣ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ጨው በተኑበት። ልጁ ለሳምንት ማንኪያ ሲያይ ይደነግጥ ነበር።

ሙታን በልተው ሲያበቁ ወንዶቹ ይቀርባሉ። ጆምሱን የምትበላው ከሁሉም በኋላ ነው፤ የበረደውን፣ የተረፈውን፣ እቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ። ቅር ይላታል፤ ሆድ ይፍጀው ትላለች። ሆዷም ስንቱን ፈጀው። በቅርቡ ግን የቀኝ እጇ አንጓ መጥበሻ አልሸከም ስላላት ፕላስተር ለጥፋበታለች። ዶክማን ፕላስተሩን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ምንም» አለችው። ምንም አለችና ምንም ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ጉዷ ልምጣ። ባለፈው የጸደይ ወር ቦምሱክ የሚያገባትን ልጅ፣ ዳሄን፣ ቤት ይዟት መጣ። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ከጆምሱን ጋር እቃ ስታጥብ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ቅር ይልዎታል?» አለቻት።

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«የአያቶች ማዕድ ይበዛል እናንተ ቤት? የወለደችኝ እናቴ በዚህ ሥራ ወገቧ ተቆርጦ ቀረ። እኔን ለእንደዚያ ያለ ቤት እንደማትሰጠኝ ምላለች። አሁኑኑ ባውቀው ይሻለኛል።»

ጆምሱን በዕድሜዋ ሙሉ ውሸት ከአፏ የወጣ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን የልጅቷን ለስላሳ እጆች ሳሙና ውስጥ አየቻቸውና አፏ ሳያማክራት «ኧረ፣ ድሮ ትተነዋል» አለ። ዳሄ እርጥብ እጇን ሳታብስ አቀፈቻት። ጀርባዋ ላይ የሳሙና ውሃ ሲወርድ ጆምሱን ምን እንዳደረገች ገባት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የሁለቱ ቤተሰቦች ትውውቅ ነገ፣ እሁድ ነው። ዶክማን ደግሞ የልጅቷ አባት ፊት ቁጭ ባለ በአፍታ ውስጥ ስለ አያቶቹ ማዕድ መናገሩ አይቀርም፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ምን አለው? ልጅቷ እንደተዋሸች ታውቃለች፣ እናቷ ብድግ ትላለች፣ ሠርጉ ያኔ አበቃለት። ቦምሱክ ይሄን ከእናቱ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አላት። ከዚያ ሁለት የአውቶቡስ ቲኬት ገዝቶ መጣና «ቅዳሜ አንዶንግ ሂዱ። ስትዝናኑ ቀስ ብለሽ ንገሪው። ተለመኚኝ» አለ። አባቱን ግን «በትዳር ዘመናችሁ አንድ ቀን ሽርሽር ወስደሃት ታውቃለህ?» ብሎ ነው ያሸነፈው።

ቀስ ብላ እንዴት ትንገረው? አንዶንግ ዳር ያለው ጥንታዊው የሃህዌ መንደር ሲገቡ ዶክማን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቀጥለውን አውቶቡስ እንዳያመልጠው በሚቸኩል እርምጃ ፊት ፊት ይሄዳል። ወንዙ መንደሩን ከሦስት ወገን አቅፎታል፤ የጭቃው አጥር ላይ የዱባ ሐረግ ተንጠልጥሏል። ጆምሱን ምንም አላየችም። የባሏን ጀርባ እያየች፣ አሁን፣ ያቺ ዛፍ ጋ ስንደርስ፣ አይ፣ ከዛፏ ቀጥሎ ስትል ዛፎቹ አለቁ።

እሱ ደግሞ የጥንቶቹን ባላባቶች ቤት ባየ ቁጥር ይቆማል። «እይ፣ ይሄ ቤት የበኩር ልጅ ቤት ነው። ስንት ትውልድ ማዕዱን ሳያስታጉሉ። ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

«ሚስቶቻቸውስ?» አለች ጆምሱን።

«ሚስቶቻቸው ምን?»

«ምንም።»

መንደሩ የሚታወቅበት የጭምብል ጭፈራ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። የባላባት ጭምብል ያደረገው ሲዋረድ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዶክማንም ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ቀጥሎ የአሮጊት ጭምብል ያደረገ ሰው ወጥቶ ሽመና ላይ ተቀመጠና ኑሮውን ማማረር ጀመረ። በልጅነቷ የተዳረች፣ ቀን ከሌት የምትሸምን፣ ሆዷ የማይሞላ አሮጊት ነች። ዶክማን እዚያም ላይ ሳቀ። ጆምሱን ግን ተነስታ እንዳትሄድ መንገዱ በሰው ጉልበት ተሞልቷል፣ እንዳትቀመጥ ድንጋዩ ይቆረቁራታል። ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። «እንሂድ።»

«ገና መች አለቀ?»

«ራበኝ።»

እውነትም ርቧት ነበር። አንዶንግ ከመጡ አይቀር በጨው የታሸውን ዓሣ ተጠብሶ መብላት አምሯታል፤ ከትናንት ጀምሮ እሱን ስታስብ ነው ያደረችው። ዶክማን ግን ከመንደሩ በአውቶቡስ ተመልሰው ከተማው ካለው ረጅም የእንጨት ድልድይ አካባቢ ሲደርሱ ዓሣ ቤቱን አልፎ ሄደ።

«ወዴት ነው?»

«ዝም ብለሽ ተከተይኝ። በቴሌቪዥን ያየሁት ቤት አለ። ዛሬ ልጋብዝሽ ነው የመጣሁት።»

በሩ ላይ የተጻፈውን ስታነብ እግሯ አልንቀሳቀስ አላት። የውሸት ማዕድ ይላል። አንዶንግ የሚታወቅበት ምግብ ነው፤ የአያቶች ማዕድ ምግብ፣ ራሱ ቅጠሉ፣ ራሱ ጥብሱ፣ ራሱ የነሐስ ሳህኑ፣ ሟች ብቻ የለበትም። ድሮ የተራቡ ተማሪዎች ማንም ሳይሞትባቸው ማዕድ አቀረብን ብለው ይበሉ ነበር ይባላል። አሁን አገር ሁሉ እየከፈለ ይበላዋል። እግዜር ያሳያችሁ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይሄን ስትጠብስ የኖረችን ሴት፣ አንድ ቀን ላሳርፍሽ ብሎ ሲያወጣት፣ የሚጋብዛት ይሄን ነው።

«ዓሣው ቢሆን አይሻልም?» አለች።

«ዓሣ ዴጉም አለ። ግቢ።»

ገቡ። የቤቱ ባለቤት፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ትሪውን ራሳቸው ይዘውት መጡ። ዱባው፣ ቶፉው፣ ዓሣው፣ በእንጨት የተሰካው ሥጋ፣ የተራራው ቅጠል፣ ንጹሕ ሾርባ፣ ሶያ ሶስ። ሩዙ የነሐስ ክዳን ተደፍቶበታል። ጆምሱን ሳታስበው ጥብሱን መመርመር ጀመረች። ዱባው ወፍሯል። ዓሣው ጫፉ ከስሏል።

«አንቺ የሠራሽው ይበልጣል» አለ ዶክማን፣ ደስ ሊያሰኛት ብሎ።

ጆምሱን ዓይኗን ከጥብሱ ሳታነሳ፣ አሁን እነግረዋለሁ፤ አሁን ካልነገርኩት አልነግረውም ትላለች በልቧ። ዶክማን ዝምታዋ ከበደው መሰለኝ፣ በትዳር ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ የሩዟን ክዳን አነሳላት። ደግነት ነው፤ ወንድ ልጅ ለሚስቱ ክዳን ሲያነሳ እኛ ሰፈር አይታይም።

እጁ ግን አልቆመም። ክዳኑን ባነሳ ቁጥር እጁ ከዚያ ቀጥሎ የሚያደርገውን ያውቃል። የነሐስ ክዳን፣ የማዕድ ሽታ፣ የተደረደረ ጥብስ። ክዳኑን በግራ በኩል አስቀመጠ፣ ማንኪያዋን አነሳና ሩዟ መሐል ቀጥ አድርጎ ተከለው። አንገቱንም ደፋ።

ከጎናቸው የሚበሉት ሰዎች ማላመጥ አቆሙ። አንዲት ሴት የልጇን ዓይን በእጇ ጋረደች። ዶክማን ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኧረ አባባ፣ ምን ነካዎት» ብለው የቤቱ ባለቤት ሮጠው ደረሱ። እጃቸውን ወደ ማንኪያው ሲሰዱ ጆምሱን ያዘቻቸው።

«ይተዉት። ይቁም። ልየው።»

«እናቴ፣ ጥሩ አይደለም እኮ፤ ሌላ ሩዝ ላምጣልዎ።»

«ሌላ ሩዝ አልፈልግም።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ድምጿ አልጮኸም። «እኔ ገና አልሞትኩም፣ የቦምሱክ አባት።»

«እጄ ነው እኮ። እጄ ነው... ሳላውቅ።»

«አውቃለሁ። በናንተ ቤት ለሰው ገበታ የሚቀርበው፣ ክዳን የሚነሳለት፣ ሲሞት መሆኑን እጅህ ያውቃል። እኔም ስሞት ትሰግድልኛለህ። ቆሜ እቃ ማጠቢያው ጋ ስበላ ግን አላየኸኝም።»



ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለች ይመስል ሁሉንም ዘረገፈችው። የዳሄን ጥያቄ፣ የራሷን ውሸት፣ የነገውን ትውውቅ፣ ምንም ያለችውን የእጇን አንጓ። «ልጅቷን ዋሽቻታለሁ። አልጸጸትም። ማዕዱን እንተወው። ካልተውክ ነገ እዚያው ፊታቸው ውሸታም ነሽ በለኝ። ያኔ ግን ማን እንደሚጠብስልህ ከአሁኑ ፈልግ፤ እኔ በቃኝ።»

«እናቴን ምን እላታለሁ?» አለ ዶክማን ቀስ ብሎ። ቆየና ዋናው ፍርሃቱ ወጣ። «እኔስ ስሞት? ዕድሜዬን ሙሉ ማንኪያ ሳቆምላቸው ኖሬ፣ ለእኔ ማን ያቆምልኛል?»

ጆምሱን አሳዘናት። እውነቴን ነው፣ እዚያ ንዴቷ መሐል አሳዘናት። ግን አዘንኩልህ አላለችውም። ማንኪያውን በገዛ እጇ ከሩዙ ነቀለችና ያንኑ ሩዝ ከቅጠሉና ከሶያ ሶሱ ጋር ቀላቅላ ጎረሰች። ከዓሣውም ቆረሰች። ላመጠች፣ ቆመች፣ እንደገና ላመጠች። እንባዋ ወረደ።

«ምነው? አልጣመሽም?»

«ትኩስ ነው» አለች።

ዶክማንም ዱባውን ጎረሰ። «እውነትም። ይሄ ነገር ትኩሱን እንዲህ ይጥማል እንዴ?» ሙታን እስኪበሉ እየጠበቀ፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የበረደ ነው የበላው። «አንቺ ስትሠሪውም እንዲህ ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ። ቀምሼው አላውቅም።»

«ቀምሰሽው አታውቂም? ታዲያ ጨዉን እንዴት...»

«በአፍንጫዬ።»

ዶክማን ማንኪያውን አስቀመጠና ሌላ አልበላም። ሒሳቡን ከፍሎ፣ የተረፈውን ጥብስ በካርቶን አስጠቅልሎ ወጣ።

ድልድዩ ላይ እንደ ልማዱ ፊት ፊት ሄደ። እንጨቱ ከእግሩ በታች ይንቋቋል። ጆምሱን ከኋላው እየተከተለች፣ ተቆጣ? አዘነ? ነገ እዚያ ሰው ፊት ምን ይል ይሆን? እያለች ጨርቋን ልትጥል ደረሰች። ጀርባ ሲነበብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይነበብም። ድልድዩ መሐል ካለችው ጣሪያ ያላት ማረፊያ ሲደርስ ቆመ፣ ስልኩን አወጣ፣ ታናሽ ወንድሙ ጋ ደወለ።

«ዶክጂን፣ እኔ ነኝ። ስማኝ። የአያቶቹ ማዕድ ከእንግዲህ የለም። በመከር በዓል መቃብራቸው ድረስ ሄደን ፖምና መጠጥ እናስቀምጣለን፣ እንሰግዳለን። መጥበሻ የሚባል ነገር የለም።»

ዶክጂን በስልኩ ውስጥ ሲንጫጫ እሷ ድረስ ተሰማ። ሰው ምን ይለናል፣ እናታችን በመቃብሯ ውስጥ ትገለበጣለች፣ እትዬ ናት አይደል ይሄን ያሳሰበችህ፣ ብዙ ነገር። የማይጠብስ ሰው ለመናገር ምን ቸገረው።

ዶክማን እስኪጨርስ ጠበቀው። «ዛሬ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ?» አለው። «ሚስቴ ከነነፍሷ ፊቴ ተቀምጣ፣ ሩዟ ላይ ማንኪያ አቆምኩ።»

«ምን አደረግህ?» አለ ዶክጂን።

«እናታችን በልታለች» አለ ዶክማን። «ጠግባለች። በቃ።» ስልኩን ዘጋና ውሃውን እያየ ቆመ። ጆምሱን አጠገቡ ሄዳ አጥሩን ተደገፈች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን ሌላ ነገር ነው። ይቺን ለማለት ማንኪያ መቆም ነበረበት? ብላ ተናደደች።

«ነገ ከመቼ ጀምሮ ነው የተዋችሁት ቢሉኝስ?» አላት።

«ድሮ ብያታለሁ።»

«እንግዲያው ድሮ ነው» አለ ዶክማን።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ሾፌሩ አንድም ነገር አልተናገረም፤ ልጁ ደግሞ ከጠዋቱ ሾፌር የባሰ ነበር።

ቤት ሲገቡ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። ጆምሱን ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ልትገባ ስትል ዶክማን ካርቶኑን ይዞ ቀደማት። «ተቀመጪ። ይሞቃል።»

ተቀመጠች። መቀመጥ ግን አቃታት፤ መሳቢያ ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሌላ ሲከፍት ትሰማለች። «መጥበሻው የት ነው የሚቀመጠው?» አለ ከውስጥ። በገዛ ቤቱ። ልትነሳ ጉልበቷን ያዘችና ተወችው። ይፈልግ።

አገኘው። ዘይት ተንጫጫ፣ አንድ ነገር አረረ፣ መስኮት ተከፈተ። ቆይቶ ጥብሱን በሳህን፣ ሩዙን ክዳን ባለው ጎድጓዳ አድርጎ መጣና ፊቷ ደረደረው። ክዳኑን አነሳላት። እንፋሎቱ ወጣ። እጁ ወደ ማንኪያው ሄደ፣ አነሳው፣ እዚያው አየር ላይ ቆመ። 

ከዚያ የማንኪያውን እጀታ ወደ እሷ አዞረና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ሳይበርድ ብዪ» አለ።